ያ ፊልም ወንዙን ጠቀመው ወይስ ጎዳው?

ፍላይ ፊሺንግ ከላባና ከክር የተሠራ ዝንብ መሰል ማታለያ ውሃ ላይ እየወረወሩ ዓሣ ማጥመድ ነው። ስለዚህ ስፖርት ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ የታወቀው ሮበርት ሬድፎርድ በ1992 ያወጣው «ኤ ሪቨር ረንስ ስሩ ኢት» ነው። ኖርማን ማክሊን በ1976 ባሳተመው ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። በሞንታና ግዛት፣ ሚዙላ ከተማ ያደጉና ብላክፉት ወንዝ ላይ የሚያጠምዱ ሁለት ወንድማማቾችን ያሳያል። ፊልሙ ስፖርቱንና ወንዞቹን ጠቀመ ወይስ ጎዳ? ሁለት ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። አንዱ በዴንቨር የሚኖሩ የረጅም ጊዜ አጥማጅ ናቸው። ሌላዋ በሲያትል አካባቢ በጅረቶች ዳር ዛፍ ከሚተክሉ በጎ ፈቃደኞች አንዷ ነች። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከዴንቨር፦

ያደግሁት ጎባ ነው። በእኛ አካባቢ፣ ባሌ ተራሮች ላይ፣ ዌብ ወንዝ ውስጥ ትራውት አለ። ከውጭ አገር መጥቶ የገባ ዓሣ ነው። ልጆች ሆነን ፈረንጆች ረጅም ዘንግ ይዘው ውሃው ውስጥ ሲቆሙ እናይ ነበር። ምን እንደሚያስደስታቸው አይገባንም ነበር።

ዴንቨር መጥቼ ማታ ማታ ፓርኪንግ ስሠራ ያንን ፊልም በኪራይ ካሴት አየሁት። ብራድ ፒት የሚጫወተው ታናሽ ወንድም ድንጋይ ላይ ቆሞ ክሩን ከጭንቅላቱ በላይ ሲያጥፈው፣ ሲዘረጋው፣ ደግሞ ሲያጥፈው። ያኔ ገባኝ። በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ርካሽ ዘንግ ገዛሁ። ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ አንድ ዓሣ ሳልይዝ አንድ በጋ ሙሉ ተመላለስኩ። ግን ወንዙን ለመድኩት። ዝናብ ሲቀር የሚጨንቀኝ፣ ፋብሪካ ቆሻሻ ሊለቅ ነው ሲባል ስብሰባ የምሄደው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰው የማያውቀውን ወንዝ አይጠብቅም። ብዙ ሰው ወንዝን ያወቀው በዚያ ፊልም ነው።

ከሲያትል፦

ጋሼ፣ የጎባውን ነገር በፍቅር ነው ያነበብኩት። ግን ፊልሙ ያሳየዎት ወንዝ ብላክፉት አይደለም። አብዛኛው የማጥመድ ትዕይንት የተቀረጸው በሞንታና ቦዝማን ከተማ አጠገብ ባለው ጋላቲን ወንዝና በአካባቢው ባሉ ሌሎች ወንዞች ላይ ነው። ብላክፉት ያን ጊዜ ታሟል። በ1975 ከምንጩ አካባቢ ማይክ ሆርስ የተባለው ማዕድን ማውጫ ግድብ ተደርምሶ መርዛም ዝቃጭ ወርዶበታል። ፊልሙ ከቁስለኛው ወንዝ ፊቱን አዙሮ ቆንጆውን አሳየን። ለሲኒማቶግራፊው ኦስካር አገኘበት። ተመልካቹም ያንን ውበት ፍለጋ ወደ ሞንታና ጎረፈ።

ሌላም አለ። እርስዎን የማረከዎት ያ የክር ውርወራ የተዋናዩ አልነበረም። ጄሰን ቦርገር የሚባል ባለሙያ ነው ተክቶት የወረወረው። ትራውት ደግሞ አብዛኛውን ምግቡን የሚበላው ከውሃው ገጽ በታች ነው። በየቀኑ የሚያጠምድ ሰው ይህን ያውቀዋል። አዲስ የሚመጣው ግን የሚፈልገው ምስሉን ነው። ድንጋዩን፣ የምሽቱን ብርሃን፣ ክሩን። ወንዙ ለእሱ መድረክ ነው። መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ደግሞ የሚያስበው ስለሚያየው ሰው ነው።

ከዴንቨር፦

እህቴ፣ ጋላቲን ላይ መቀረጹን አልክድም። እኔ ግን እንደ ጥቅም ነው የማየው። የፊልሙን ታሪክ ያነበበ ሁሉ «ለምን እዚያው አልቀረጹትም?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያሳፍራል። ብላክፉት የማንም የማያውቀው ወንዝ ሆኖ ቢቀር ማን ያፍርለት ነበር?

በወንዙ ምንጭ አጠገብ፣ ሊንከን ከምትባል ከተማ ወጣ ብሎ፣ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ሊከፈት ታስቦ ነበር። ወርቁ የሚለየው ሳያናይድ በተባለ መርዝ ነው። በ1998 የሞንታና ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ በሳያናይድ የሚሠራ አዲስ ክፍት ማዕድን ማውጫን በግዛቱ ከለከለ። ድምፅ የሰጠው ፊልሙ ነው አልልም። ግን የብላክፉት ስም ያኔ በየቤቱ ይታወቅ ነበር። ስም ያለው ወንዝ ጠበቃ ያገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም ሲወርድ ብዙ ሰው ተነስቶ ይሄዳል። ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። በቀረጻው አንድም ዓሣ እንዳልሞተ ይናገራል። ማክሊኖች፣ ማለትም የታሪኩ ቤተሰብ፣ እንደ ዘመናቸው ልማድ የያዙትን ይወስዱ እንደነበር፣ የዛሬ አጥማጅ ግን ይዞ መልቀቅ እንዳለበት ይመክራል። እኔ ዓሣ መልቀቅን የተማርኩት ከዚያች ጽሑፍ ነው።

ከሲያትል፦

ያቺን ጽሑፍ አውቃታለሁ፤ ቅን ናት። ግን ቀኖቹን እናስተካክል። ትራውት አንሊሚትድ የተባለው ማኅበር የብላክፉት ቅርንጫፉን ያቋቋመው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ፊልሙ ገና አልተሠራም። ብላክፉት ከክላርክ ፎርክ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የነበረው የሚልታውን ግድብ በ2008 ሲፈርስም መነሻው ዓሣ አልነበረም። በ1981 በግድቡ አጠገብ ባለው መንደር የጉድጓድ ውሃ ውስጥ፣ ከግድቡ ጀርባ ከተከማቸው ዝቃጭ የሰረገ አርሰኒክ የተባለ መርዝ ተገኘ። ሰዎች የሚጠጡት ውሃ ነው። ሥራውን የጀመሩት ሆሊውድ ስማቸውን የማያውቃቸው የአካባቢው ሰዎች ናቸው። እነሱ ሠርተው ምስጋናው ለፊልም ሲሄድ ያመኛል።

ይዞ መልቀቅም ቢሆን ገደብ አለው። ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚፈልገው። ውሃው ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ያንሳል። እንደዚያ ባለ ውሃ ውስጥ ታግሎ የደከመ ዓሣ ቢለቀቅም ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው ሞንታና ውስጥ የውሃው ሙቀት ለ3 ተከታታይ ቀናት 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ የሚከለከለው። ይህን የትኛው ፊልም አሳየ? በየስልካችን የሚመጡት አጫጭር ቪዲዮዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ዓሣው ከውሃ ይወጣል፣ ወደ ካሜራው ይጠጋል፣ ሰውየው ይስቃል። ዓሣው ያን ሁሉ ጊዜ መተንፈስ አይችልም። የዚያ ሥዕል አባት ያ ፊልም ነው እላለሁ።

ከዴንቨር፦

የቀኖቹን ነገር ተቀብያለሁ። ልክ ነሽ፣ ሠራተኞቹ ቀድመው ነበሩ። የሙቀቱም ነገር ትክክል ነው። ቴርሞሜትር በኪሴ አለ፤ ሐምሌ ላይ ረፋዱን ጠቅልዬ እወጣለሁ።

ግን ፊልምን ሁሉ በአንድ ሙቀጫ አትውቀጪው። አንቺ ባለሽበት ግዛት የኤልዋ ወንዝ ግድቦች ሲፈርሱ የሚያሳየው «ዳምኔሽን» በ2014 ወጥቷል። ግድብ ማለት እድገት ብቻ ነው ብሎ ያደገ ሰው፣ ኮንክሪቱ ሲናድና ውሃው ሲለቀቅ ሲያይ ሐሳቡ ይለወጣል። የእኔ ተለውጧል። ያንን ፊልም ቁጭ ብዬ እንዳየው ያደረገኝ የ1992ቱ ነው። በዚያ በኩል ባልገባ ወደዚህ አልደርስም ነበር።

ከሲያትል፦

እሱን ፊልም እኔም እወደዋለሁ። እዚህ ላይ አንጣላም። ካሜራው ግድቡን ያሳያል፤ የወንዙን ችግር አይደብቅም። እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

ግን ኤልዋ ላይም ማን ነው የታገለው? የአካባቢው ተወላጅ የሆነው የሎወር ኤልዋ ክላላም ጎሳ ግድቦቹ እንዲፈርሱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጠየቀ። ማፍረሱ የተጀመረው በ2011 ነው። ከዚያ ወንዙ እንዲያገግም ማጥመድ ቆመ። ጎሳው ራሱ በገዛ ወንዙ ሳያጠምድ ጠበቀ። በ2023 ለሥርዓታቸውና ለምግባቸው የሚሆን ኮሆ ሳልሞን ከተባለው ዓሣ ጥቂት እንዲያጠምዱ ተፈቀደ። 12 ዓመት ሙሉ መንጠቆ ሳይጥሉ ወንዝን መውደድ ይቻላል ማለት ነው። ስለ ፍላይ ፊሺንግ የሚሠሩ ፊልሞች ይህን ትዕግሥት አያስተምሩም። ሁሌም መጨረሻቸው ትልቅ ዓሣ ነው።

በጣም የሚከነክነኝን ደግሞ ልንገርዎት። የማክሊን ታሪክ ስለ ዓሣ አይደለም። የሚወዱትን ወንድም መርዳት ስላለመቻል ነው። ታናሽየው ይጠጣል፣ ይቆምራል፣ መጨረሻ ላይ ይገደላል። ይህን ሁሉ ትቶ ተመልካቹ የወሰደው ክር መወርወሩን ነው። ታላቅ ሐዘን የቱሪስት ማስታወቂያ ሆነ።

ከዴንቨር፦

እህቴ፣ እዚህ ላይ ልቃወምሽ ነው።

እኔም ታናሽ ወንድም ነበረኝ። አዲስ አበባ ነበር። መጠጥ ያዘው። ገንዘብ ላክሁ፣ በስልክ ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። አንዱም አልሠራም። ሲሞት ለቀብሩ አልደረስኩም። ፊልሙን ያየሁት እሱ በሕይወት እያለ ነው። ያኔ ክሩን ነበር ያየሁት፤ ይህን አልደብቅሽም። እሱ ከሞተ በኋላ እንደገና ሳየው ሌላ ፊልም ሆነብኝ። ታላቅየው እርዳታ ማቅረብ ሲፈልግና ቃል ሲያጣ ራሴን አየሁ። አሁን ወንዝ ውስጥ ቆሜ የማስበው እሱን ነው። ብዙ ጊዜ ዓሣውን እረሳዋለሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ክሩን ብቻ ወሰደ አትበይ። መጀመሪያ ክሩን ወስዶ፣ ሌላውን ቆይቶ የሚያገኘው ሰው አለ።

ከሲያትል፦

ነፍሱን ይማር ጋሼ። ይህን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። «ተመልካቹ» ብዬ በጅምላ መናገሬ ስህተት ነበር፤ አንስቼዋለሁ።

የቀረውን ግን አላነሳም። እርስዎ ለሁለተኛ ጊዜ እስኪያዩት ብዙ ዓመት ወስዶብዎታል። ወንዙ ያን ያህል ጊዜ የለውም። በብላክፉት ያለው ቡል ትራውት የአካባቢው ተወላጅ ነው፤ ከ1998 ጀምሮ ለአደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች ጋር ተመዝግቧል። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ካልሆነ አይኖርም። ፊልሙን ዛሬ ማታ አይቶ በሐምሌ ቀትር ዘንግ ይዞ የሚወርደው ልጅ፣ ያንን ዓሣ ከሌላው ለይቶ አያውቀውም። እርስዎ ቴርሞሜትር በኪስዎ ይይዛሉ። እሱ እንዲይዝ የሚነግረው ማን ነው?

ከዴንቨር፦

እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልጠብቅም። ቅዳሜ ሁለት የጎረቤት ልጆች ሳውዝ ፕላት ይዤ እወርዳለሁ። ፊልሙን አይተውት ነው የለመኑኝ። ዘንግ ከመስጠቴ በፊት እጃቸውን ውሃው ውስጥ አስነክራቸዋለሁ።