ክርክር፦ የኬጂ ልጆች ፊደልና ቁጥር በበዓል ቃልና ዕቃ ይለማመዱ?

ደጋፊ፦ አዎ፣ ይለማመዱ። መስከረም ላይ ልጁ አደይን በየሜዳው፣ ችቦን በየደጁ ያያል። «አበባ» ምን እንደሆነ ማስረዳት ስለማያስፈልግ ጉልበታችን ሁሉ ፊደሉ ላይ ይውላል። ቃሉን ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፈው በ እና ባን ያስተያዩት፤ የባ ቀኝ እግር መርዘሙን በጣቱ ይከተል። ለቁጥር አምስት አደይና ሁለት ሳህን ይበቃል፤ ቁጥር በጠራ ጊዜ ሁሉ አንዷን ወደ ሌላው ሳህን ያሻግር።

ተቃዋሚ፦ «አበባ»ን መርጠው ነው እንጂ በዓሉ «እንቁጣጣሽ» ነው። እ፣ ን እና ሽ ሳድስ (ስድስተኛው የፊደል ቅርጽ)፣ ቁ ካዕብ (ሁለተኛው)፣ ሁለቱም ጣ ራብዕ (አራተኛው)። አንድም ግዕዝ (የመጀመሪያው ቅርጽ) የለበትም! ገና ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የጀመረ ልጅ ይህን ቢገለብጥ ሥዕል ሣለ እንጂ አላነበበም። ጊዜውም አይመችም፤ ትምህርት በአብዛኛው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ተከፍቶ መስከረም 17 መስቀል ነው። አዲስ ገቢው እርሳስ መያዝ እንኳ አልለመደም። «አምስት አበባ ቀቡ» የሚለው ወረቀትማ ግማሽ ሰዓት ያስቀባውና አንዴ ያስቆጥረዋል።

ደጋፊ፦ ስለ ወረቀቱ እውነትዎን ነው። ወረቀት ላይ የተበተነ አበባ ስለማይነሳ ልጁ አንዱን ሁለቴ ይቆጥራል፤ ወይም አፉ ጣቱን ይቀድምና አምስቱን «ስድስት» ይላል። ሳህን ላይ ግን የተቆጠረው ተሻግሯል። ሲጨርስ «ስንት ናቸው?» ይበሉት። ተመልሶ ከአንድ ከጀመረ፣ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ አልገባውም፤ ወደ ሦስት ዝቅ ያድርጉለት። «እንቁጣጣሽ»ን አያስጽፉት፤ «አበባ»ን እያጨበጨበ ይበል፤ ሦስት ጭብጨባ፣ ሦስት ፊደል።

ተቃዋሚ፦ እስቲ «መስቀል»ን ያስጨብጭቡት፤ መስ–ቀል። ሁለት ጭብጨባ፣ አራት ፊደል! ሳድሱ ከሱ በፊት ካለው ፊደል ጋር በአንድ ትንፋሽ ስለሚወጣ ልጁ ግራ ይገባዋል። ቃል በፊደሉ ይመረጥ የምለው ለዚህ ነው፤ የበዓል ቃል መሆኑ አይበቃም። ሳህኑን እቀበላለሁ፤ ግን አደይ ሲነካካ ይረግፋል፣ በማግስቱ ይጠወልጋል። ጠርዙ ያልሾለ ቆርኪ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል።

ደጋፊ፦ ቆርኪውም ይኑር፣ ከአደዩ ጋር። ለእያንዳንዷ አደይ አንድ ቆርኪ ያስቀምጥ፤ አምስት አደይና አራት ቆርኪ ሲሰጡት ባዶዋን አደይ ሳይቆጥር ያገኛታል። «መስቀል»ን በቃል ብቻ እንለፈው። ታኅሣሥ ላይ፣ ፊደሉን ሲለማመድ፣ «ገና» ይመጣል፤ ሁለት ጭብጨባ፣ ሁለት ፊደል፣ ገ ግዕዝ፣ ና ራብዕ።