ማስተካከያ፦ ፋይናል ከት ፕሮ አልተተወም

ፋይናል ከት ፕሮ የአፕል የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው። ባለፈው ጽሑፋችን «አፕል ከ2011 ወዲህ ፋይናል ከት ፕሮን እርግፍ አድርጎ ትቶታል፤ ሌላ ፕሮግራም ልመዱ» ብለን ነበር። ስሕተት ነው። አፕል በኖቬምበር 2024 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፋይናል ከት ፕሮ 11ን አውጥቷል፤ ቀድሞ ለገዙትም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሰጥቷል። ያሳሳተን የስሪት ቁጥሩ ነው፦ ለ13 ዓመት ከ10 ፈቀቅ አላለም፤ ከነጥቡ ወዲያ ያሉት አኃዞች ግን በየጊዜው ይለወጡ ነበር። እኛ 10ን ብቻ አይተን ፈረድን።

በ2011 ስሪት 10 ሲወጣ በኤዲተሮች ዘንድ ስለተነሣው ቁጣ የጻፍነው እንዳለ ይጸናል። እንደ አዲስ የተሠራው ፕሮግራም ከእርሱ በፊት በነበረው ስሪት 7 የተጀመረን ሥራ መክፈት አይችልም ነበር፤ ግማሽ ፊልም እጁ ላይ የቀረ ኤዲተር ቢራገም አይፈረድበትም። «እስከ ዛሬ የለውም» ያልነው የብዙ ካሜራ ቅንብር (አንድን ትዕይንት ከተለያየ ካሜራ የተቀረጹ ምስሎችን አጣጥሞ ማቀናበር) ግን በጃንዋሪ 2012 ተመልሷል።

በስሪት 11 ሰውን ከጀርባው ለመለየት አረንጓዴ መጋረጃ አያስፈልግም፤ ምስሉ ላይ ሰውየውን በመዳፊት ሲነኩት ፕሮግራሙ ቅርጹን ይዞ እንቅስቃሴውን ይከተላል። የተተወ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ነገር አይጨመርለትም።

«በዊንዶውስ አይሠራም» ያልነው ግን ትክክል ነው።