ማን ነህ የማይባልበት ደጅ

ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በሚጀምርበት ኬላ፣ መኪና ካርድ ሳይወስድ አይገባም። እንግዳን በር ላይ አቁሞ የሚመዘግብ አሠራር ምን ያህል ከባህላችን እንደራቀ ልብ ይሏል። ከኬላው ብዙም የማይርቅ አንድ የብሎኬት ማምረቻ ግን የአባቶችን ወግ በደመወዝ ማስሊያው ውስጥ አክብሮ ኖሯል፤ በኤክሴል ማክሮው (ስሌቱን በራሱ በሚሠራው የትእዛዝ ጽሑፍ) ደጅ ብቅ ያለ ስም ሁሉ «ማን ነህ? ቁጥር ነህ ወይስ ጽሑፍ?» ሳይባል ይገባል።

ምስጋናው ማክሮው የሚጻፍበት ቋንቋ፣ የቪዥዋል ቤዚክ ነው። እያንዳንዱ ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚያዝበት ስም) አስቀድሞ «ዲክሌር» እንዲደረግ፣ ማለትም እንዲታወጅ፣ የሚያስገድደው «ኦፕሽን ኤክስፕሊሲት» የተባለው ትእዛዝ በሞጁሉ (ማክሮው በሚጻፍበት ገጽ) ራስ ላይ እስካልተጻፈ ድረስ፣ ቋንቋው የማያውቀውን ስም ባገኘ ቁጥር «ቫሪያንት» የተባለ፣ ቁጥርም ጽሑፍም የሚይዝ ማደሪያ ይሰጠዋል፤ በውስጡ ያለው ባዶነትም ሲደመር እንደ ዜሮ ይቆጠራል። ትእዛዙን በራሷ የምታስገባዋ በማክሮ መጻፊያው ቅንብር ውስጥ ያለች የምርጫ ሣጥንም ከመጀመሪያው ምልክት የለባትም፤ ይሉኝታ ማለት ይህ ነው። (ፎርትራን የተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ በ1957 እ.ኤ.አ. ቢያንስ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል አይቶ፣ ከላቲኑ «አይ» (I) እስከ «ኤን» (N) ካለው ከሆነ ሙሉ ቁጥር ይለው ነበር፤ ያም ለእኛ ጥርጣሬ ነው።)

ይህ ቸርነት ለእኛ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ፀሐይን በጸሎቱ «ጸ»ም በፀሐዩ «ፀ»ም ጽፈን ስንግባባ የኖርን ሰዎች፣ የሳድስ ፊደል በላቲን «አይ» (i) ይሁን «ኢ» (e) ብለን አንጨነቅም። የማምረቻው ባለሙያም «ትርፍ ሰዓት»ን በአንዱ መስመር በ«አይ» አስልቶ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ ወደ ጠቅላላ ክፍያው ሲደምረው በ«ኢ» ጻፈው። ሰው ቢያነበው ይገባው ነበር። ማሽኑ ግን ሌላ እንግዳ የመጣ መስሎት፣ ባዶ እጁን የገባውን ሁለተኛውን ስም ተቀብሎ ደመረ፤ ሙያ በልብ ነውና የስህተት መልእክት አላሰማም። ሌሊቱን ሙሉ ብሎኬት ሲያወጡ ያደሩት የቀን ሠራተኞች ትርፍ ሰዓታቸው የት እንደገባ ሲጠይቁ፣ «ኮምፒዩተር አይሳሳትም» የሚል ትክክለኛ መልስ ተሰጣቸው።

በመጨረሻ አንድ ቅር ያለው ሰው ያቺን ሣጥን ምልክት አደረገባት፤ አለቃውም ጉዳዩ እልባት አገኘ ብለው ደብዳቤ ጻፉ። ደስ የሚለው፣ ሣጥኗ ትእዛዙን የምታስገባው ከዚያ ወዲህ በሚከፈት ሞጁል ላይ ብቻ ነው። ደመወዙ የሚሠራው በአሮጌው ነው።