ሸክላው ላይ የተጻፈውን አታጥፉት

የሙዚቃ ዳታቤዝ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለ የዘፈኖችና የሸክላዎች መዝገብ፣ የምንሞላ ሰዎች መሀል የማይሞት ክርክር አለ። ሸክላው ላይ የታተመው የደራሲ ስም የተሳሳተ ወይም የጎደለ ሲሆን ምን ይደረግ? ግማሹ «እውነቱ ይጻፍ» ይላል። ግማሹ «እንደታተመው ይግባ» ይላል። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ነገሩ የሚበላሸው ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ ለማጨቅ ስንሞክር ነው።

የእንግሊዙን ባንድ የፕሮኮል ሃረምን «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል» ውሰዱ። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲወጣ በደራሲነት የተጠቀሱት ጋሪ ብሩከርና ኪት ሪድ ብቻ ነበሩ። ዘፈኑን አንዴ የሰማ ሰው ጆሮ ላይ የሚቀረው ግን ያ የኦርጋን ዜማ ነው፤ እሱን የተጫወተው ደግሞ ማቲው ፊሸር ነው። ፊሸር ከስንት ዓመት በኋላ ከሰሰ። በ2006 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የሙዚቃው ተባባሪ ደራሲ ነህ ብሎ 40 በመቶ ድርሻ ፈረደለት። በ2008 ይግባኝ ሰሚው «በጣም ዘግይተሃል» ብሎ ገንዘቡን ከለከለው፣ በ2009 ደግሞ ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ድርሻውን መለሰለት።

እንግዲህ ዳታቤዙ ውስጥ ባለው የ1967ቱ ሸክላ ገጽ ላይ የፊሸርን ስም ብትጨምሩ ምን ይሆናል? ሰውዬው አርባ ዓመት ገደማ ስሙ መዘለሉን የሚያሳየው ማስረጃ ይጠፋል። ገጹን የሚያይ ሁሉ ከመጀመሪያው ስሙ የነበረ ይመስለዋል። የትም ካልጻፋችሁት ደግሞ ፍርድ ቤት የመለሰለትን እናንተ መልሳችሁ ቀማችሁት። ስለዚህ የሸክላው ገጽ ላይ ሁለቱ ስሞች ይቀመጡ፣ የዘፈኑ ገጽ ላይ ሦስቱም ከነፍርዱ ዓመት ይግቡ። ሚውዚክብሬይንዝ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ይሄ ይቻላል፣ ምክንያቱም ድርሰቱ ከቀረጻው የተለየ የራሱ ገጽ አለው። ዲስኮግስ የሚባለው ሌላው ዳታቤዝ ግን የተሠራው በሸክላው ዙሪያ ነው፤ እዚያ የታተመውን ጽፎ እርማቱን ማስታወሻው ላይ ማስፈር ይሻላል።

የቢትልሶቹ የሌነንና የማካርትኒም እንደዚሁ ነው። «ዬስተርዴይ»ን ማካርትኒ ብቻውን እንደጻፈው የታወቀ ነው። የተመዘገበው ግን በሁለቱም ስም ነው፣ ስምምነታቸው እንደዚያ ነበራ። ያንን ስምምነት እኔና እናንተ ቤታችን ቁጭ ብለን አናፈርሰውም።

ሌላው የሚያበሳጨኝ ግምት ነው። በአማርኛ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን ብሎ መለየት ለምዶብናል። ብዙ ሸክላ ላይ ግን ከዘፈኑ ርዕስ ሥር በቅንፍ ሁለት የአባት ስም ብቻ ነው ያለው፣ ሥራቸው አልተጻፈም። ታዲያ አንዱ ይመጣና ዘፋኙን ገጣሚ፣ ጊታሪስቱን ዜማ ደራሲ ያደርጋቸዋል። በምን አወቀ? ሥራው ካልተጻፈ ዝም ብሎ «ደራሲ» በሉት።

ስሙም ቢሆን ያው ነው። «ስሚዝ» የሚል ብቻ ስታገኙ ፍለጋው መጀመሪያ ካመጣላችሁ ስሚዝ ጋር አታገናኙት። ከዳታቤዙ የሚቀዱ ሌሎች ገጾች አሉ፤ እናንተ ነገ ብታርሙት እንኳ ስህተቱ እዚያ ተቀምጦ ይቀራል፣ ትክክለኛው ስሚዝ ደግሞ ሥራው በሌላ ሰው ስም ሲዞር ያያል። የትኛው ስሚዝ እንደሆነ እስኪረጋገጥ ስሙ ለብቻው ይቆይ፣ የሸክላውን መለያ፣ መሀሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት፣ ፎቶ ከጎኑ ስቀሉ፣ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ያገናኘዋል።