ሾተላይ ስትሉት የኖራችሁት የእናቴን ደም ነው

ለመጀመሪያ ልጄ ክትትል የጀመርኩት እዚህ ሜልቦርን በ2009 ዓ.ም ነው፣ ያኔ እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ሆስፒታሉ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኘኝ ነበር። ሚድዋይፏ (አዋላጇ) የደም ውጤቴን እያየች አንድ ሁለት ነገር ተናገረች፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም፣ አይረን አንሶሻል እንደማለት ቀለል አድርጋ ነው ያለችው። አስተርጓሚው ከወዲያ በኩል ጉሮሮውን ጠረግ አደረገና "እህቴ፣ ደምሽ ኦ ኔጋቲቭ ነው ነው የምትልሽ፣ በ28 ሳምንትና በ34 ሳምንት መርፌ ትወጊያለሽ፣ ያው እኛ አገር ሾተላይ የሚሉት ነገር እንዳይመጣ ነው" አለኝ። ሰውየው በቅንነት ነው፣ እንዲገባኝ ብሎ ነው። እኔ ግን ሾተላይ የምትለዋን ስሰማ ሰውነቴ ራደ፣ እዛው ወንበሩ ላይ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ሚድዋይፏ ደንግጣ ምን ብለሃት ነው ትለዋለች፣ እሱም ምን እንዳጠፋ አያውቅም።

ያ ቃል እኮ የእናቴን ትዳር ያፈረሰ ቃል ነው።

የኛ ቤት ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ነው። ታላቅ ወንድሜ በ1977 ተወለደ፣ ደህና ልጅ፣ ድግሱም እልልታውም እንደ ወጉ። ከሱ ቀጥሎ የመጣው በሶስተኛው ቀን አይኑም ገላውም ቢጫ ሆኖ ሄደ፣ የወፍ በሽታ ነው ተባለ። ቀጥሎ ሌላ ወንድ ሲመጣ አያቴ ገና ከመወለዱ ቢተው ብለው ስም አወጡለት፣ አልተወውም፣ በነጋታው ሞተ። ከዛ የመጣችው ሆዷ ተነፍቶ ሞታ ተወለደች። ክርስትና ስላልተነሱ ሶስቱም ከጓሮ ከጌሾው ስር ናቸው። ልጆች ሆነን ጌሾ ቅጠፉ ስንባል እናቴ "ከዛች ከጥጓ እንዳትነኩ" ትለን ነበር፣ ለምን እንደሆነ ያወቅኩት ከአደግኩ በኋላ ነው።

በ1984 እኔ መጣሁ። ምትኬ አሉኝ። የደብተራው ክታብ 12 ዓመት እስኪሞላኝ ከአንገቴ አልወረደም፣ እናቴም ለግንቦት ልደታ ዣንጥላ ተስላ ስለነበር አስገባች። ኖርኩ። ከእኔ በኋላ ደግሞ አንድ ሞቶ ተወለደ፣ እሱ ላይ የአባቴ እናት ጨርሰው ተናገሩ፣ "ይቺ ሴት ሾተላይ አለባት፣ ዘርህን ትጨርሰዋለች" አሉ፣ እናቴ አራስ ቤት ተኝታ እየሰማች። አባቴ ሄደ። ሉማሜ ሌላ አገባና አራት ልጅ ወለደ፣ አራቱም በላይ በላዩ አደጉ። አገሩ ሁሉ "አያችሁ?" አለ። በቃ ተረጋገጠ። ከዛ ወዲያ እናቴ አራስ ለመጠየቅ ስትሄድ በር ላይ ገንፎውን ተቀብለው "አራሷ ተኝታለች" ይሏት ነበር፣ ልጁን እንዳታየው ነው። እኔ ቀሚሷን ይዤ አብሬያት ነበርኩ፣ እንዴት አድርጋ ነጠላዋን መልሳ ፊቷ ላይ እንደምትሸፍን አሁንም ይታየኛል።

እና ያን ቀን ሚድዋይፏን ይሄን ሁሉ በአስተርጓሚ ነገርኳት። ወረቀት አወጣችና ሁለት ክብ ሳለች፣ አንዱ እናት አንዱ ልጅ። እናትየዋ ኔጋቲቭ ሆና ልጁ ከአባቱ ፖዘቲቭ ከወረሰ፣ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ትንሽ ወደ እናቱ ያልፋል፣ የሷ ሰውነት እንግዳ ደም ገባብኝ ብሎ የሚዋጋውን ነገር ያበጃል፣ አንቲቦዲ ይሉታል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም ምክንያቱም እስኪነቃ እሱ ተወልዷል። ችግሩ ሰውነት አንዴ ከነቃ አይረሳም። የሚቀጥለው ፖዘቲቭ ልጅ ሲመጣ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የልጁን ደም ያፈርሰዋል፣ ልጁ ደሙ ያልቃል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይነፋል፣ ይሞታል። እያንዳንዷን ስትናገር እኔ ጓሯችንን ነው የማየው፣ ቢጫው ማን እንደሆነ የተነፋችው ማን እንደሆነች ከነቦታቸው አውቃቸዋለሁ።

ከዛ "ታዲያ እኔ እንዴት ተረፍኩ?" አልኳት። ሳታስብ ነው የመለሰችልኝ። አንቺማ እንደ እናትሽ ኔጋቲቭ ነሽ፣ የሚያጠቃው ነገር ምን አግኝቶ፣ አባትሽ ፖዘቲቩንም ኔጋቲቩንም የያዘ ቢሆን ነው ግማሹን ልጅ እንዲህ ግማሹን እንዲያ የሚያደርገው። እመብርሃን አልሰማችም አልልም፣ ስለቱም የእናቴ ነው አልነካውም። ግን የአባቴ የሉማሜ ልጆችም በዚሁ ሂሳብ ነው ያደጉት፣ ያቺ ሴት ደሟ ፖዘቲቭ ቢሆን ነው፣ ከእናቴ ትበልጥ ስለነበር አይደለም። እናቴም ኔጋቲቭ ወንድ አግብታ ቢሆን ኖሮ ደርዘን ልጅ ታሳድግ ነበር። አገሩ ሁሉ በአይኑ ያየውን ማስረጃ ይዞ ነበር፣ ያየው ልክ ነው፣ የፈረደው ፍርድ ነው ግፍ የሆነው።

እኔን ያንገበገበኝ ደግሞ ዓመቱ ነው። ይሄ የእናትየዋ ሰውነት እንዳይነቃ የሚያደርገው መርፌ፣ አንቲ ዲ የሚሉት፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.አ.አ በ1968 ነው፣ እዚህ አውስትራሊያም በዛው ሰሞን ነው የጀመሩት። ወንድሜ ሲወለድ መርፌው 16 ዓመት አልፎታል! ያን ሳምንት፣ ከዛም በየወሊዱ፣ አንዲት ብልቃጥ ብታገኝ ኖሮ ጌሾው ስር ማንም አልነበረም።

28ኛው ሳምንት ላይ ተወጋሁ። ነርሷ ከፍሪጅ ትንሽ ብልቃጥ አወጣች፣ ከሰው ደም የተሰራ ስለሆነ አስፈረመችኝ፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች፣ ከብልቃጡ ላይ ስቲከር ልጣ ካርዴ ላይ ለጠፈች፣ ክንዴን ወጋችኝ፣ አለቀ። ዋጋ የለውም፣ አንድ ሳንቲም አልተባልኩም። በትራም ብቻዬን ወደ ቤቴ ተመለስኩ፣ ማርያም ትቅረብሽ የሚለኝ ሰው የለም፣ ስወልድም እልልታ የለም፣ እሱ እሱ እዚህ አገር ላይ የማልምረው ነገር ነው። ግን ልጄ ገና እትብቱ እንደተቆረጠ ከእትብቱ ደም ወስደው መረመሩ፣ ፖዘቲቭ ነው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሶስተኛውን መርፌ ወጉኝ። እኔ አስታውሼ አልጠየቅኩም፣ ማንንም አልለመንኩም፣ እነሱ ናቸው አልጋዬ ድረስ ይዘው የመጡት። ዴንማርክማ እ.አ.አ ከ2010 ጀምሮ ገና በሆድ እያለ ከእናትየዋ ደም ላይ የልጁን አይተው ለሚያስፈልጋት ብቻ ነው የሚሰጡት፣ መርፌው እንዳይባክን ነው ጭንቀታቸው።

አሁን ወደኛ ልምጣ። አምና የወንድሜ ሚስት ወለደች። ልጅቱ ክትትል አላቋረጠችም፣ አራት ጊዜ ሄዳለች፣ ካርዷን ፎቶ አንስተው ላኩልኝ፣ የደም አይነት የሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ነው ያለው። ሪኤጀንት (መመርመሪያው ፈሳሽ) የለም ብለዋታል፣ በየጊዜው። ወልዳ ደም ሲፈሳት ደም ያስፈልጋል ተብሎ ያኔ ተመረመረ፣ ቢ ኔጋቲቭ፣ ልጁ ፖዘቲቭ። ሐኪሙ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሁሉን ያውቃል፣ "በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ ዲ ፈልጉ" ብሎ ወረቀት ጻፈላቸው፣ እሱ ምን ያድርግ፣ እጁ ላይ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ወንድሜ ሌሊት ደወለልኝ፣ አርባ ዓመት የሞላው መምህር ድምጹ ይንቀጠቀጣል፣ "ምትኬ፣ የእማየ ነገር ሊደገም ነው" ይለኛል።

ቢቸና የለም። ማርቆስ ያሉ ፋርማሲዎች ተደወለ፣ የለም። አዲስ አበባ አንድ ቦታ ተገኘ፣ ዋጋው የወንድሜን የወር ደመወዝ ጠርጎ የሚወስድ ነው፣ እኔ ላክሁ፣ እሺ። ግን መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። የአክስቴ ልጅ በጥጥና በላስቲክ ጠቀለለችውና በሻይ ፔርሙዝ በረዶ ሞልታ ለአውቶቡስ ረዳት ሰጠችው። መንገዱ ያው እንደምታውቁት በዚህ ሁለት ሶስት ዓመት ሲከፈት ሲዘጋ ነው፣ ያን ቀን ተዘጋና አውቶቡሱ ጎሃ ጽዮን አደረ። ፔርሙዙም አደረ። እኔ ሜልቦርን ሆኜ ሰዓት እየቆጠርኩ፣ 48 ሆነ፣ 55 ሆነ፣ በነጋታው ደግሞ የአባይ በረሃ አለ፣ ያ ሙቀት፣ በረዶው እንዴት ይሆናል። ወንድሜ ሞተር ተከራይቶ ደጀን ድረስ ወርዶ ተቀበለው። ክዳኑን ሲከፍተው በረዶው ውሃ ሆኗል፣ ግን ጣቱን ሲነክር ይቀዘቅዛል፣ አንዲት የጥፍር የምታክል በረዶ እላዩ ላይ ትንሳፈፋለች። በ67ኛው ሰዓት ተወጋች።

ይሄ እኮ ወንድም መምህር ሆኖ፣ እህት ውጭ ኖራ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ኖሮ ነው። የነዚያ የሌላቸው ሴቶችስ? ልጃቸው ደህና ነው፣ ገንፎው ይገነፋል፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይባላል፣ 72 ሰዓቱ አራስ ቤት ውስጥ ያልፋል፣ መዘዙ በሁለተኛው ልጅ ይመጣል፣ ያኔ ሾተላይ ይሏታል። (በነገራችን ላይ 72 ሰዓት አለፈ ብላችሁ አትተዉት፣ እስከ 10 ቀንም ቢሆን ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ውሰዱት፣ ከምንም ይሻላል። አንቲቦዲው አንዴ ከተፈጠረ ግን መርፌው አይመልሰውም፣ ልጅ የሞተባት ሴት እርጉዝ ከሆነች መርፌ ፍለጋ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ ትልቅ ሆስፒታል ክትትል ነው የሚያስፈልጋት።)

ሌላው ደግሞ የሚያናድደኝ፣ እኛ አገር ለሰርግ ቤተክርስቲያን ሲኬድ የኤች አይ ቪ ወረቀት አምጡ ይባላል አይደል? ደም ይቀዳል አይደል? ከዛችው ደም አንዲት ጠብታ ለደም አይነት ብትመረመር ምን ይጎድላል። ሙሽራው ፖዘቲቭ ሙሽሪት ኔጋቲቭ ከሆኑ ይፋቱ አላልኩም፣ ይጋቡ፣ ግን ይወቁት፣ መርፌው ከመውለዷ በፊት ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ደግሞ ውርጃ አለ፣ ያስወረደችም ያስወረዳትም ሴት እኮ መርፌው ሊያስፈልጋት ይችላል፣ እኛ ጋ ይሄ ይደበቃል፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በር ተዘግቶ ነው የሚታመመው፣ ከዛ የመጀመሪያ ልጅ ያሉት ሲሞት ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም።

በየካቲት 2017 ዓ.ም ጄምስ ሃሪሰን የሚባል አንድ አውስትራሊያዊ ሽማግሌ በ88 ዓመቱ አረፈ ብለው ዜናው ሁሉ ስለሱ ሆነ። በ14 ዓመቱ ደረቱን ቀዶ ጥገና ሲደረግለት የማያውቃቸው ሰዎች ደም አትርፎት፣ 18 ሲሞላኝ እኔም እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገባ፣ ሰጠ፣ ሲሰጥ ሲሰጥ ደሙ ውስጥ ይሄ አንቲ ዲ በብዛት እንዳለ አወቁ፣ 81 ዓመት ሆኖት በዕድሜው ምክንያት አቁም እስኪባል 1,173 ጊዜ ክንዱን ዘረጋ። 2.4 ሚሊዮን ልጆች ናቸው በሱ ደም የተረዱት የሚባለው። መርፌው ማለት ይሄው ነው፣ ቀድሞ የነቃ ሰው ደም ውስጥ ያለውን አንቲቦዲ ወስደው በልክ ለእናትየዋ ይሰጧታል፣ የልጁን ደም ጠርጎ ያጠፋላታል፣ የሷ ሰውነት ሳይነቃ ያልፋል።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ወንድሜ ከሚስቱ ጉድ በኋላ እሷንም አስመርምሯት ነበር፣ ኦ ኔጋቲቭ፣ እንደኔ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳት፣ ቀስ ብዬ፣ ስለ ቢጫው ስለ ቢተው ስለ ሴቷ፣ ስለኔም። ዝም ብላ ሰማች። ከዛ "ይሄ መድኃኒት የሚሉት ከእንደኔ ያለ ሰው ደም ነው የሚወጣ?" አለችኝ። አዎ እማየ፣ እንዳንቺ ልጅ የሞተባቸው ሴቶችም ይሰጣሉ አልኳት። "የኔም ደም መድኃኒት ይሆን ነበር በይኛ" አለች። መልስ አጣሁ። ስልኩ ውስጥ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል፣ እሷ ትተነፍሳለች።

ቆይታ "ያ ሽማግሌ የክርስትና ስሙ ማን ነው?" አለችኝ። ለምን ስላት፣ ለቄሱ እንደምትሰጠው፣ በጸሎት እንዲያነሱላት ነው። እማየ እሱ የኛን ክርስትና አልተነሳም ብላት "ስሙን ንገሪኝ ብቻ" አለች። ጄምስ ማለት ያዕቆብ ነው አልኳት። "ያዕቆብ፣ ያዕቆብ" እያለች ሁለት ሶስት ጊዜ ደገመችው፣ እንዳትረሳው።