አሜሪካውያን እግር ኳስ አያዩም?

ወንድሜ፣ «አሜሪካውያን እግር ኳስን በቴሌቪዥን አያዩም» ያልከው ተደጋግሞ የሚነገር ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በሴቶች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አሜሪካ ጃፓንን 5 ለ 2 ስትረታ፣ በእንግሊዝኛ በሚያስተላልፈው የአሜሪካ ጣቢያ በፎክስ ብቻ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ተከታትሎታል። አሜሪካዊቷ ካርሊ ሎይድ በ16 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጎል አስቆጠረች፤ ሦስተኛዋን ከመሀል ሜዳ ስትመታ በረኛዋ ወደ ኋላ እየተንገዳገደች በእጇ ነካቻት እንጂ አላዳነቻትም። ያን ያየ ሰው እንዴት ይረሳዋል!

ስህተቱ የሚመነጨው በአብዛኛው የእንግሊዝኛውን ሥርጭት ብቻ ከመቁጠር ነው። ዩኒቪዥንና ቴሌሙንዶ የተባሉት የአሜሪካ ጣቢያዎች በስፓኒሽ የሜክሲኮን ሊግ ለሚሊዮኖች ሲያደርሱ ኖረዋል፤ እነዚያ ተመልካቾችም አሜሪካውያን ናቸው። የአሜሪካው ጣቢያ ኤንቢሲም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ያስተላልፋል፤ በካሊፎርኒያ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ ቴሌቪዥን የሚከፍት ደጋፊ አለ።