ካሬው መዘጋቱ ክሊኩ ልክ ነው ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «የጠመንጃውን መነጽር ማስተካከያ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ እኩል አዙሬ ጥይቱ መነሻው ላይ ካረፈ ክሊኩ (ማስተካከያው ሲዞር የሚቆጠረው እያንዳንዱ እርከን) ትክክል ነው» ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ስህተት ነው። ያ ሙከራ የሚያሳየው መነጽሩ ወደ ዜሮው፣ ማለትም ወደ መነሻ ቦታው፣ መመለሱን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክሊክ 3 በመቶ ቢያንስም ካሬው ይዘጋል፤ ትንሽ ካሬ ይሆናል እንጂ።

እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን አይቼ እንዳይነቃነቅ አስረዋለሁ፤ 100 ሜትር ላይ በቱምቢ ቀጥ ብሎ የተሰመረ ረጅም ወረቀት እሰቅላለሁ። የ0.1 ሚል (ሚል የማዕዘን መለኪያ ነው) ክሊክ እዚያ ርቀት ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 100 ክሊክ ወደ ላይ ስቆጥር በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ወረቀቱ ላይ 100 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት (አዎ፣ ይወርዳል፤ አትደንግጥ)። 97 ላይ ከቆመ፣ በ800 ሜትር ያው 100 ክሊክ (10 ሚል) 24 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ያስመታሃል።

ርቀቱን ግን በእርምጃ ሳይሆን በሜትር ለካ። ወረቀቱ 97 ሜትር ላይ ከተሰቀለ ጤነኛው መነጽርም 97 ሴንቲ ሜትር ያሳይሃል፤ ያለ ጥፋቱ ትወቅሰዋለህ።